ምዕራፍ 6፦ ያው ፍጥነት፣ ሌላ መንገድ

ጥይት በቤቱ የሚሞላ ሰው አንድ ቀን የፋብሪካ ጥይት መፍታቱ አይቀርም። መፍቻው መዶሻ ይመስላል፤ ጭንቅላቱ ግን ውስጡ ክፍት የሆነ ፕላስቲክ ነው። ጥይቱ በቀለሁ ጠርዝ ተይዞ እዚያ ውስጥ ይታሰርና መዶሻው ጠንካራ እንጨት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመታል። ቀለሁ ባለበት ቀጥ ሲል አረሩ በገዛ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወጣል፣ ባሩዱም ይከተለዋል። ነጭ ወረቀት ላይ ሲዘረገፍ የሻይ ማንኪያ አንድ አሥረኛ ቢሞላ ነው። አንዱ ፋብሪካ የሚጠቀመው የተዳመጠ ግራጫ እንክብል ነው፤ የሌላው ስስና ክብ ቅርፊት ነው።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አረሩ ተመዘነ፤ ባሩዱም ተመዘነ፤ መልኩ ታየ። የቀረው ከሱቅ የሚመሳሰለውን ባሩድ ገዝቶ በዚያው ልክ መሙላት ይመስላል። ሽጉጥ በባለቤቱ እጅ ላይ ከሚሰነጠቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ የተዘረገፈው ነገር ስሙን አይናገርም። ሁለት ባሩዶች በቀለም፣ በቅርጽ፣ በመጠን አንድ ሆነው አንዱ ከሌላው እጅግ ፈጥኖ ሊነድ ይችላል፤ ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ስስ ቅብ ላይ ነው።

ታዲያ በእጅ የተሞላ የሽጉጥ ጥይት «የፋብሪካውን ያህል ሆነ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው፤ ግን ከኋላው ያለው ፊዚክስ የዚህ መጽሐፍ ዋና ጉዳይ ነው። ምዕራፉ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ይገልጻል እንጂ አሞላል አያስተምርም፤ የባሩድ ልክ አንድም ቦታ አልተጻፈም። እርሱን የሚሰጡት ባሩዱንና አረሩን የሚሠሩት ኩባንያዎች የሚያሳትሟቸው መመሪያዎች ናቸው። ሥራው በስፋት የሚዘወተረውና የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሙያ የሆነው በአሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የጥይት ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥብቅ ቁጥጥር ሥር መሆኑን አንባቢው ልብ ይሏል።

ቀለህ የማይጥሉ ሰዎች

በምዕራፍ 1 እንደታየው አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ የናስ ቀለህ፣ ከቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጥ መለኮሻ፣ ባሩድና አረር። ሦስቱ በአንድ ተኩስ ያልቃሉ። አራተኛው፣ ከሁሉ ውዱ ቀለህ፣ ይተርፋል። ከተኩስ በኋላ ትንሽ ያብጣል እንጂ አይሞትም፤ ወደ ልኩ ተጨምቆ መለኮሻው ከተቀየረለት ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል።

ጆን ባርሎ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ሄቨን ከተማ አይዲያል የተባለውን ኩባንያ ያቋቋመው ይህን አስቦ ነው። ገበሬውና አዳኙ ኪሱ የሚይዘው፣ ፒንሳ የሚመስል የመሙያ መሣሪያ ይሸጥ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር ባለ እጀታ መጫኛ ሆኗል፤ እጀታው በወረደ ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት የሚጥለውም አለ።

ቁጠባ አንዱ ምክንያት ቢሆንም ፋብሪካውን ለመምሰል የሚያስመኘው ሌላ ነው። የሽጉጥ ሠሪዎች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉት በፋብሪካ ጥይት ነው። ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ የመመለሻ ሞላው የተመረጠው የተወሰነ ርግጫ ታስቦ ነው፤ ርግጫው ከዚያ ካነሰ ቀለሁን አይተፋም፣ ከበዛ ብረቱን ይደበድባል። ማነጣጠሪያው የማይንቀሳቀስ ሪቮልቨር ደግሞ የአረሩን ክብደት ራሱ ያውቃል ማለት ይቻላል። ሲተኮስ አፈሙዙ አረሩ ከመውጣቱ በፊት ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል። ከባድና ዘገምተኛ አረር ቱቦው ውስጥ ትንሽ ስለሚቆይ አፈሙዙ ይበልጥ ከተነሣ በኋላ ይወጣል፣ ኢላማውንም ከፍ አድርጎ ይመታል። ቀላልና ፈጣኑ ዝቅ ይላል። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ ተቃራኒውን ይጠብቃሉ።

ፋብሪካው የሚሸጠው ውጤት ነው

ብዙ ሰው ትልልቆቹ የጥይት ፋብሪካዎች በብረት ሣጥን የቆለፉት ምስጢራዊ ቀመር ያላቸው ይመስለዋል፤ ይህን ያህል ባሩድ፣ ይህን ያህል አረር፣ ለዘለዓለም ያው። እውነቱ እንዲያ አይደለም። ፋብሪካው ባሩድ የሚገዛው በገፍ ነው። እያንዳንዱ የምርት ዙር፣ በሙያው አጠራር እያንዳንዱ «ሎት»፣ ከቀዳሚው ትንሽ ይለያል። አዲስ ሎት ሲመጣ ባለሙያዎቹ በግፊት መለኪያ በታጠቀ የሙከራ ቱቦ ይተኩሱትና አረሩ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት እስኪይዝ፣ ግፊቱም ከተፈቀደው ጣሪያ እንዳያልፍ አድርገው የባሩዱን ልክ ያስተካክላሉ። በጥር የተመረተው ሣጥንና በሰኔ የተመረተው ሣጥን ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው ያለው ባሩድ በክብደት፣ አንዳንዴም በዓይነት ሊለያይ ይችላል።

በቤቱ ለሚሞላው ሰው በቆርቆሮ የሚሸጠው ባሩድ ሌላ ዓለም ነው። ገዢው የግፊት መለኪያ ስለሌለው ዘንድሮ የገዛው ከአምናው ጋር እንዲመሳሰል ሎቶቹ እየተቀላቀሉ ወደ አንድ መስፈርት ይመጣሉ። አለዚያ የታተመው መመሪያ ሁሉ ዋጋ ያጣ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን የተባለ የካንሳስ ሰው ከአሜሪካ ጦር የተረፈ የጠመንጃ ባሩድ ገዝቶ በርካሽ መቸርቸር ጀመረ፤ ሰዉም ወደደው። ትርፉ ሲያልቅ ኩባንያው የገጠመው ጣጣ የዋጋ አልነበረም፤ ደንበኛ በለመደው ልክ ሲሞላው ያንኑ ባህርይ የሚያሳይ አዲስ ባሩድ ማሠራት ነበረበት።

መዶሻውን ይዞ የፋብሪካ ጥይት የሚፈታው ሰው እንግዲህ ያገኘው የአንድ ሎት መልስ ነው። ጥያቄው ግን በወረቀቱ ላይ የለም። ባሩዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሱቅ የማይሸጥ ዓይነት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ጣሪያው ነው። የአሜሪካ የጥይትና የመሣሪያ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1926 ያቋቋሙትና ሳሚ በሚለው ምሕጻር የሚታወቀው ተቋም ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት ከፍተኛውን ግፊት ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣው 38 ስፔሻል በካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ተፈቅዶለታል። ለ45 ኤሲፒ የተፈቀደው 21,000 ሲሆን 9 ሚሊሜትር ሉገር እስከ 35,000 ይደርሳል። የቤት መኪና ጎማ በ35 ገደማ ነው የሚነፋው፤ ትንሿ የዘጠኝ ሚሊ ጥይት የዚያን ሺህ እጥፍ ትችላለች። በቤቱ የሚሞላው ሰው ግን ይህን ቁጥር የሚያይበት መስኮት የለውም። በምዕራፍ 4 የቀረበው የፍጥነት መለኪያ ዛሬ በማንም አቅም ይገዛል። የግፊት መለኪያ ግን የላቦራቶሪ ዕቃ ነው።

የተገፋች ታክሲ

የምዕራፉ ቁልፍ ሐሳብ አሁን ይመጣል፦ አንድን አረር ወደ አንድ ፍጥነት የሚያደርሱ ብዙ መንገዶች አሉ፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ የሚለካው ፍጥነት ደግሞ በየትኛው መንገድ እንደመጣ አይናገርም።

ባትሪዋ የደከመ ሚኒባስ ታክሲ ተገፍታ ስትነሣ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ ይጠብቃል። ረዳቱና ሦስት አራት ተሳፋሪዎች ከኋላ ይገፋሉ፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ትንቀሳቀሳለች፣ ከሃያ ሜትር በኋላ እንደሚሮጥ ሰው ትፈጥናለች። አሁን በሰዎቹ ፈንታ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ፓራውልቷን አንዴ ጓ ቢያደርጋትስ? ታክሲዋ በዚያው ፍጥነት መሄድ ትችላለች። ሃያ ሜትር ላይ ቆሞ ፍጥነቷን ለሚለካ ትራፊክ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ፓራውልቱ ነው።

ቱቦው ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አረሩን የሚገፋው ጋዝ ነው፤ የአረሩ ጉልበት ጋዙ በመንገዱ ሁሉ ላይ የሰጠው ግፊት ድምር ነው። ፈጣን ባሩድ ከሚባሉት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የሚሸጠው ቡልስአይ በትንሽ ልክ ወዲያው ይነድዳል። አረሩ ገና ከቀለሁ አፍ ሳይርቅ ግፊቱ ጫፍ ይነካና ይወርዳል። ዘገምተኛ ባሩድ ብዙ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አረሩ እየሸሸ ቦታው ሲሰፋም ጋዝ ማፍለቁን ስለሚቀጥል ግፊቱ ባይጦዝም ይቆያል። «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል ማንንም እንዳያታልል፤ ነገሩ ሁሉ ከሰከንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

በሁለቱም መንገድ 8 ግራም የሚመዝነው የዘጠኝ ሚሊ አረር በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። የአንዱ የግፊት ጫፍ ጣሪያው ሥር በምቾት ሲቀር የሌላው ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል። የፍጥነት መለኪያው ላይ ትክክለኛውን ቁጥር አይቶ «ፋብሪካውን አገኘሁት» የሚል ሰው የቆመው ከትራፊኩ ጎን ነው፤ ፓራውልቱን አላየም።

ዘገምተኛውም ዋጋ ያስከፍላል። ባሩድ ሲነድ አይጠፋም፤ ጋዝ ሆኖ ከአረሩ በእጅጉ ፈጥኖ ከአፈሙዙ ይወጣል፣ ክብደቱም እንደ አረሩ ክብደት ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋል። ብዙ ባሩድ ማለት የበለጠ ርግጫ ነው፤ በአጭር ሽጉጥ ደግሞ ሳይነድ ወደ ውጭ የሚተፋው ትርፍ ትልቅ ብልጭታ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ጥይቶች በአረር ክብደትና በፍጥነት አንድ ሆነው እጅ ላይ ሌላና ሌላ ይሰማሉ፤ ተኳሹም አይሳሳትም።

የአሥር ሚሊው ባዶ ቦታ

ለዚህ ሁሉ የአንድ ታዋቂ ጥይት ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1986 በማያሚ ከተማ የኤፍቢአይ መርማሪዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት መርማሪዎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ፤ ሁለቱም ዘራፊዎች ተገደሉ። በምርመራው ጎልቶ የወጣው አንድ የዘጠኝ ሚሊ አረር ነው። ከዘራፊዎቹ የአንዱን ክንድ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገብቶ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ መተኮሱን ቀጠለ። የኤፍቢአይ ትኩረት ወደ ጥይት ዞረ። ጥፋቱ በጥይቱ ብቻ ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ውሳኔው ግን ተወሰነ።

ውድድሩ በመጀመሪያ በዘጠኝ ሚሊና በ45 መካከል ነበር። የተቋሙን የተኩስ ሥልጠና ክፍል ይመራ የነበረው ጆን ሆል ሦስተኛ ተወዳዳሪ አስገባ፦ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን 10 ሚሊሜትር። ይህ ጥይት እንደ ፋብሪካው ሲሞላ ጉልበቱ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያው የስዊድኑ ኖርማ ጥይት ባለ 200 ግሬን አረር በሰከንድ 1,200 ጫማ ያስወነጭፍ ነበር። ግሬን በዚህ ሙያ የተለመደው መመዘኛ ነው፤ 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል። በዚያ ርግጫ መርማሪውን ሁሉ ማሠልጠን ከባድ መሆኑ ግልጽ ነበር። ስለዚህ ለሙከራው ጥይቶቹ በእጅ ተሞሉ፤ አረሩ 180 ግሬን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 950 ጫማ ገደማ። ሆል የፋብሪካውን ጥይት አልመሰለም፤ አወረደው። ሙከራው የተደረገው በገዛ ራሱ ኮልት ዴልታ ኤሊት ሽጉጥ ነው። ውጤቱ ጥሩ ሆነ፤ ፌደራል የተባለው ፋብሪካም ያንኑ በእጅ የተሞላ ጥይት እየመሰለ ለኤፍቢአይ ማምረት ያዘ። እዚህ ላይ አስመሳዩ ፋብሪካው ነበር።

ከዚያ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንና የዊንቸስተር መሐንዲሶች ቀለሁን አዩት። የአሥር ሚሊ ቀለህ ርዝመቱ 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የተሠራው ለብዙ ባሩድ ነው። የተቀነሰው ጥይት ግን ያን ሁሉ አይፈልግም፣ ከባሩዱ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ታዲያ ቀለሁ ለምን አያጥርም? ወደ 21.6 ሚሊሜትር አሳጠሩት። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1990 በላስ ቬጋስ 40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለሕዝብ ቀረበ። አረሩ ያው 180 ግሬን፣ ፍጥነቱም ከ10 ሚሊው ቅናሽ ጥይት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ግን የዘጠኝ ሚሊ ሽጉጥ መጠን ባለው ትንሽ ሽጉጥ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የአሜሪካ ፖሊስ ዋና ጥይት ሆነ።

በረጅሙ ቀለህ ጋዙ ሰፊ ክፍል ውስጥ ስለሚወለድ ግፊቱ በለዘብታ ይነሣል። በአጭሩ ግን ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ያንኑ ፍጥነት ለመስጠት ግፊቱ ወደ 35,000 ጣሪያው ተጠግቶ መሥራት አለበት። የተቀነሰው 10 ሚሊ ከራሱ የ37,500 ጣሪያ ርቆ ነበር የሚሠራው። በቱቦው ጫፍ ላይ የሚነበበው ቁጥር አንድ ነው፤ ስሕተትን የመሸከም አቅማቸው ግን ለየቅል ነው።

ሌላኛው አቅጣጫም ታሪክ አለው። የአይዳሆው ከብት አርቢና ጸሐፊ ኤልመር ኪት እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣውን 44 ስፔሻል ለዓመታት ከፋብሪካው እጅግ አጠንክሮ በእጁ ይሞላ ነበር፤ ፋብሪካዎቹ እንዲከተሉትም ሳይታክት ይወተውታቸው ነበር። በመጨረሻ ሬሚንግተንና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ማብቂያ 44 ማግነምን አወጡ፤ የሆነውም ኪት ከጠየቀው በላይ ነበር። አንድ ነገር ግን ጨመሩ፦ ቀለሁን በ3 ሚሊሜትር ገደማ አስረዘሙት፣ በአሮጌው የ44 ስፔሻል ሽጉጥ ውስጥ እንዳይጎርስ። ኪት የገዛ ሽጉጡን አቅም ያውቅ ነበር። ፋብሪካው ግን ጥይቱን የሚሸጠው ሽጉጡን ለማያውቀው ሰው ነው።

ከአንድ ሚሊሜትር በታች

የአጭሩ ቀለህ ጉዳይ ዘጠኝ ሚሊ ላይ ሲደርስ ያስፈራል። በምዕራፍ 2 እንደተገለጸው ጭስ አልባ ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት በግፊቱ ይወሰናል፤ ግፊት በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፣ በፈጠነ ቁጥር ግፊት ይጨምራል። ነገሩ ራሱን በራሱ ያባብሳል። ስለዚህ አረሩ ቀለሁ ውስጥ በጥቂቱ ጠልቆ ሲቀመጥ የባሩዱ ክፍል ይጠባል፣ ጫፉም ካለ ልክ ያሻቅባል።

ስፒር የተባለው የአረር ኩባንያ በመመሪያው ያተመው ሙከራ በሙያው ውስጥ አፍ ላይ የዋለ ነው። በመዳብ መጨፍለቂያ ስልት ሲለካ 28,000 ይሰጥ የነበረ የዘጠኝ ሚሊ ጥይት፣ አረሩ ሆን ተብሎ በ0.030 ኢንች ብቻ ሲጠልቅ ወደ 62,000 ዘለለ። 0.030 ኢንች ሦስት አራተኛ ሚሊሜትር ነው። ባሩዱ አልተነካም፤ አረሩም መለኮሻውም ያው ናቸው። የመዳቡ ስልት እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው አንድሩ ኖብል እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያመጣው ነው፤ ጋዙ ትንሽ የመዳብ በርሜል እንዲጨፈልቅ ይደረግና ያጠረችው ልክ ወደ ግፊት ይመነዘራል። ዛሬ ቦታውን በአብዛኛው ኤሌክትሪክ አመንጪ ክሪስታል ወስዶበታል።

ከዚህ የሚከተለው የፋብሪካ ጥይት በመፍታት ብቻ ሊገለበጥ ያለመቻሉ ሌላ ምክንያት ነው። የሁለት ኩባንያ አረሮች ሁለቱም 124 ግሬን ሆነው አንዱ ረዘም ሊል ይችላል። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት በካሊፐር ሲለካ ከፋብሪካው ጋር እኩል ሆነ ማለት ረጅሙ አረር ወደ ውስጥ የበለጠ ጠልቋል ማለት ነው። ውጪው ሲመሳሰል ውስጡ ጠበበ።

ትልቅ ቀለህስ ደኅና ነው? አይደለም፤ አደጋው ሌላ ነው። 38 ስፔሻል የተወለደው በጥቁር ባሩድ ዘመን ስለሆነ ሆዱ ሰፊ ነው። ዘመናዊ ፈጣን ባሩድ ግርጌውን ብቻ ስለሚሸፍን ሠሪው ሐሳቡ ተከፍሎ ሁለት ጊዜ ቢያፈስበት እንኳ አይሞላም፣ አይፈስም፣ ከውጭም አያስታውቅም። ልምድ ያላቸው ሰዎች አረሩን ከመትከላቸው በፊት ሃምሳውን ቀለህ በእንጨት መደርደሪያ አቁመው በባትሪ መብራት አንድ በአንድ የሚያዩት ለዚህ ነው። ሚዛናቸው የግሬን አንድ አሥረኛ ይለያል፤ ይህ ሃያ ያህል የጤፍ ፍሬ ቢመዝን ነው። ሚዛኑ ግን የሚያውቀው የተመዘነውን እንጂ የተረሳውን አይደለም።

የትኛው ልክ?

ብልህ ሠሪ መዶሻውን አስቀምጦ የፍጥነት መለኪያውን ያነሣል። የፋብሪካውን ሣጥን ገዝቶ በገዛ ሽጉጡ ይተኩሰዋል፤ ምክንያቱም በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የተለካው በፋብሪካው የሙከራ ቱቦ ነው፤ ለዘጠኝ ሚሊ ይህ ቱቦ 4 ኢንች ነው። 3 ኢንች ቱቦ ያለው የኪስ ሽጉጥ ያን ቁጥር የማያሳይ ከሆነ ጥፋተኛው ጥይቱ አይደለም። የሣጥኑን ቁጥር ለማሟላት በአጭር ቱቦ ላይ ባሩድ መጨመር ጣሪያውን መግፋት ብቻ ነው። ስለዚህ መምሰያው ያ ሽጉጥ፣ በዚያ ቀን፣ ከፋብሪካው ጥይት ያሳየው ፍጥነት ነው። ከዚያ ለዚያ አረር በታተመ መመሪያ ላይ ያንን ፍጥነት ከጣሪያው በታች የሚሰጥ ባሩድ ይፈለጋል፤ ከዝቅተኛው ልክ ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል። ምንም ባሩድ ካልተገኘ ፋብሪካው ያለው ባሩድ ሱቅ ውስጥ የለም ማለት ነው። ያኔ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

አማካዩም ብቻውን አይበቃም። አሥር ጥይት ተተኩሶ አማካዩ 1,100 ጫማ ቢሆን፣ ከ1,090 እስከ 1,110 የተሰበሰበና ከ1,030 እስከ 1,170 የተበተነ እኩል አይደሉም። የተበተነው አንዳንዱ ቀለሁን በቅጡ አይተፋም፣ አንዳንዱ ጣሪያውን ይነካል።

ውድድር ላይ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር የጥይትን ጥንካሬ የሚመድበው የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሰከንድ በጫማ ወስዶ ሁለቱን አባዝቶ ለ1,000 በማካፈል ነው። ዝቅተኛው 125፣ ከፍተኛው ምድብ 165 ላይ ይጀምራል። ባለ 230 ግሬኑ የ45 ፋብሪካ ጥይት በ850 ጫማ 195.5 ይሰጣል፤ ተወዳዳሪው ግን ለነጥብ የማይጠቅም ርግጫ መሸከም ስለማይፈልግ ወደ 730 ጫማ አውርዶ 167.9 ላይ ይቆማል። ዘጠኝ ሚሊ ላይ 115 ግሬን በ1,150 ጫማ 132.25፣ 147 ግሬን በ900 ጫማ 132.3 ይሰጣሉ። በማኅበሩ ስሌት መንታ ናቸው ማለት ነው። በጉልበት ሲሰሉ ግን የመጀመሪያው 458 ጁል፣ የሁለተኛው 359 ጁል ገደማ ነው። ብዙ ተወዳዳሪ ከባዱን ይመርጣል፤ ርግጫው ለስለስ ያለ ነው ይላሉ።

ልኩ የሚጣራበት ሥነ ሥርዓት ደግሞ የዚህን ምዕራፍ ሐሳብ ሰው ፊት ያወጣዋል። ዳኞች ከተወዳዳሪው ስምንት ጥይት ይወስዳሉ። አንዱን ፈትተው አረሩን ይመዝናሉ፤ ሦስቱን በመለኪያው ላይ በተወዳዳሪው ሽጉጥ ይተኩሳሉ። ካልደረሰ ሌላ ሦስት ይጨመራል፣ ከስድስቱም ፈጣኖቹ ሦስት ይያዛሉ። አሁንም ከጎደለ አንድ ጥይት ቀርታለች፤ ምርጫውም ለባለቤቱ ነው። ትተኮስና ምናልባት ፈጥና አማካዩን ታንሣለት፣ ወይም ትፈታና አረሯ ከመጀመሪያው ከበድ ብላ ትገኝለት። ከዋናው ምድብ የወደቀ በዝቅተኛው ይመዘገባል፤ 125ም ካልሞላ ይተኩሳል እንጂ ነጥብ አይያዝለትም።